ስልኩ ራሱ መሰከረ

ስለ አንድ ስልክ በአንድ ጠዋት ሁለት የማይታረቁ ታሪኮች ሰማሁ።

የኦቦ ኤጄታ ታሪክ እንዲህ ነው። ልጃቸው መቲ ከጅማ የላከችላቸው ስልክ ኦሪጅናል ነበር። በሳምንቱ መጀመሪያ ከእጃቸው ወድቆ መስታወቱ ተሰነጠቀ። ከግቢያቸው ወደ መንገድ የሚከፈተውን ክፍል ተከራይታ ስልክና ሬዲዮ ለምትጠግነው ለኤቢሴ ሰኞ ሰጧት፤ ማክሰኞ ተቀበሏት። ረቡዕ ጠዋት የልጅ ልጃቸውን ፎቶ ሊያዩ ኢሜይላቸውን ሲከፍቱ፣ ስልኩ በእንግሊዝኛ ሰርተፍኬቱ እንደማያገለግል ነገራቸው። በዚያ ላይ ዛሬ ቅዳሜ ሆኖ ሳለ ሐሙስ ነው ይላል። እንግዲህ የስልኩ ሆድ ወጥቶ ፎርጅድ ገብቶበታል ማለት ነው። ሌላ ማስረጃ አያስፈልግም፤ ስልኩ ራሱ መስክሯል።

የኤቢሴ ታሪክ ደግሞ ይህ ነው። የቀየረችው መስታወቱን ብቻ ነው። ማክሰኞ ስታስረክባቸው ኢሜይሉ ተከፍቶ፣ ሕፃኗን አይተው ስቀው፣ መርቀዋት ሄዱ። ከዚያ ወዲህ ስልኩን በዓይኗ አላየችውም። ሆዱን ነክታ ከሆነ እጇ ይቆረጥ።

ሁለቱንም ከብዙ ጊዜ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ። ሁለቱም አይዋሹም። የጭንቀቴም ምክንያት ይኸው ነበር፤ ከሁለት አንዱ ውሸታም ቢሆን ኖሮ ነገሩ ቀላል ነበር።

እኔ በአምቦ ከተማ ፊዚክስ አስተምራለሁ። ቀኑ መጋቢት 14 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። ገመዱ የተበጠሰ ቻርጀሬን ይዤ ወደ ኤቢሴ ሱቅ ስሄድ፣ ኦቦ ኤጄታን በራቸው ላይ ቆመው አገኘኋቸው። ስልኩን በመሐረብ ጠቅልለው በሁለት እጃቸው ይዘውታል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ጌዶ ላይ አስተማሪ፣ እሳቸው ደግሞ የጌዶ ጤና ጣቢያ ጤና ረዳት ነበሩ። ጡረታ ወጥተው አምቦ ከገቡ ብዙ ዓመት ቢሆንም፣ ሲያዩኝ ሁልጊዜ መጀመሪያ የሚነሣው ያው የድሮው ነገር ነው።

«አካም ቡልቴ፣ መልአኩ» ብለው በኦሮምኛ እንዴት አደርክ አሉኝ። «መርፌ ስወጋህ እጄን የነከስከው ልጅ ዛሬ ሊረዳኝ ነው።»

የፈለጉት ነገር ግልጽ ነበር። የስልኩን እንግሊዝኛ አንብቤ፣ ወደ አማርኛ መልሼ፣ ወረቀት ላይ ጽፌ እንድፈርምላቸው ነው። ወረቀቱን ለሽማግሌዎች ያቀርባሉ። ለኤቢሴ እስከ ወሩ መጨረሻ ክፍሉን እንድትለቅ ነግረዋታል። ረቡዕ ዕለትም ከጸሎት ፕሮግራም ሲወጡ በቤተ ክርስቲያናቸው በር ላይ ቆመው፣ ሰው እንዳይሞኝ በማለት፣ የደረሰባቸውን ሁሉ ተናግረዋል።

ያስጨነቀኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ኤቢሴ ከእንጭኒ መጥታ፣ በቴክኒክና ሙያ ኤሌክትሮኒክስ ተምራ፣ በዚህች ክፍል ሥራ ከጀመረች ሦስት ዓመቷ ነው። የጠጋኝ ሀብት ካውያና ካቻቪቴ አይደለም። ሀብቱ ሰው ስልኩን ሰጥቶት ጀርባውን አዙሮ መሄድ መቻሉ ነው። ዕቃ ትቀይራለች ከተባለ ክፍሉ ቢቀርላትም ምን ታደርግበታለች? ኦቦ ኤጄታ ደግሞ ቃላቸው የሚሰማ ሰው ናቸው።

እጽፋለሁ፣ ግን የምጽፈው እሷ ባለችበት ነው አልኳቸው። ቅር አላቸው። ጥቂት አሰቡና እሺ ብለው ቀደሙኝ።

የኤቢሴ ክፍል ሦስት ሰው ከቆመበት የሚሞላ ነው። ከፊት መደርደሪያ፣ ከመደርደሪያው ኋላ መጋረጃ፣ ከመጋረጃው ኋላ የምትሠራበት ጠረጴዛ አለ። ኦቦ ኤጄታ ደፉ ላይ ቆሙ።

«ኤቢሴ፣ ምስክር ይዤ መጥቻለሁ።»

«ደግ አደረጉ» አለች። «ቲቸር ለእኔም ይመሰክራሉ።»

ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ የተነጋገሩት ስለ ስልኩ ሳይሆን ስለ መጋረጃው ነበር። ኦቦ ኤጄታ በጌዶ ሬዲዮ ይጠግን ስለነበረ ኦልጅራ ስለሚባል ሰው ነገሩን። ኦልጅራ ገበያ መሐል ጆንያ አንጥፎ ሬዲዮውን በባለቤቱ ፊት ይፈታዋል። ባለቤቱ ብሎኑን አንድ ሁለት ብሎ ይቆጥራል። የተቃጠለውንም ዕቃ ኪሱ ውስጥ ከትቶ ወደ ቤቱ ይሄዳል። በዚያ ዘመን ሰውና ጠጋኝ በዚህ ይተማመኑ ነበር።

«ይቺ ግን መጋረጃ አላት» አሉ ወደ እኔ ዞረው። «በጤና ጣቢያ እንኳ መጋረጃ የሚጋረደው ለሚያፍር በሽተኛ ነው። ስልክ ምን ያሳፍረዋል?»

ኤቢሴ ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን ተወችው። «ስልክ አያፍርም፣ ኦቦ። እኔ ግን እጄን ሲጠብቁኝ ይንቀጠቀጣል። የስልክ ብሎን ከጤፍ ፍሬ ብዙ አይበልጥም። ሰው ከላዬ ቆሞ እየተነፈሰ አንዷ ብትወድቅብኝ በምን አገኛታለሁ? እርስዎስ መርፌ ሲወጉ የበሽተኛው ዘመድ ሁሉ እጅዎን ይዞ ይቆም ነበር?»

«ዘመዱን አስወጣ ነበር» አሉ ኦቦ ኤጄታ ሳያመነቱ። «ባዶውን ጠርሙስ ግን አሳየው ነበር። የወጋሁት ምን እንደሆነ አንብቦ፣ ካላነበበም አስነብቦ ይሄዳል። የእኔ የተሰነጠቀው መስታወት የታለ?»

«ጣልኩት።»

«ጣለችው» አሉኝ፣ ከዚህ በላይ ምን ልበልህ እንደሚል ሰው።

እዚህ ላይ በሐቅ መናገር አለብኝ። ወደዚያ ክፍል የገባሁት ሽማግሌውን ላስረዳ ነበር፤ በዚህ ነጥብ ግን የሚያስተምሩት እሳቸው ነበሩ። ኤቢሴ የሠራችው በንጹሕ ልብ ቢሆንም፣ ንጹሕ ልብ ከመጋረጃ ኋላ አይታይም። አሮጌውን ዕቃ ብትመልስ፣ የቀየረችውን በወረቀት ብትጽፍ፣ ዛሬ በእጇ የሚታይ መልስ ይኖራት ነበር። አሁን ያላት መሐላ ብቻ ነው። ይህንኑ ነገርኳት። ወረቀት የትልልቅ ሱቆች ነገር እንደሆነ፣ በዚህች ክፍል ወረቀት ብትሰጥ ሰው የሆነ ነገር ፈርታ ነው እንደሚላት መለሰችልኝ። በሐሳቤ አልተስማማችም፤ ወዲያው እንድትስማማም አልጠበቅሁም።

ከዚያ ስልኩን ተቀብዬ ኢሜይሉን ከፈትኩ። ጽሑፉ ወጣ። አንብቤ ሳበቃ ኦቦ ኤጄታ ብዕር አወጡልኝ።

«ሰርተፍኬቱ ገና አልጸናም ይላል» አልኳቸው።

«አልጸናም ነው ያልኩህ። ጻፈው።»

«‹ገና› የምትል ቃል አለችበት።»

«እሷ ምን ትለውጣለች?»

«ብዙ ትለውጣለች። የማይጸና ቢሆን ፎርጅድ ነው እንል ነበር። ገና አልጸናም ማለት ግን መጽናት የሚጀምርበት ቀን አልደረሰም ማለት ነው።»

ኦቦ ኤጄታ መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸው አነበቡት። ቃሏን በጣታቸው ነኩ። ረቡዕ ሲያነቡት ዘለዋት እንደነበር ከፊታቸው አስተዋልኩ። ነገር ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። «ማክሰኞ ይሠራ ነበር» አሉ። «ማክሰኞ የደረሰ ቀን ረቡዕ እንዴት ገና ይሆናል? ቀን ወደ ኋላ ይሄዳል?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር፤ መልሱም እጄ ላይ ነበር። የስልኩን ቀን አየሁ። ሐሙስ፣ አሥራ አራት፣ ሰባተኛ ወር፣ ሁለት ሺህ አምስት ይላል።

«ይህን ቀን ማን ሞላው?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔ» አሉ ኦቦ ኤጄታ፣ በኩራት ሊባል በሚችል ድምፅ። «ስትመልስልኝ ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት ይል ነበር። ስምንት ዓመት ወደ ፊት ሮጦ። ቀኑን ስትነካካ አይቻት ስለነበር ቤቴ ገብቼ አስተካከልኩት። መጋቢት ሰባተኛ ወር፣ ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት። እኔ በሠላሳ ዓመት ሥራዬ በበሽተኛ ካርድ ላይ የተሳሳተ ቀን ጽፌ አላውቅም።»

ኤቢሴ በረጅሙ ተነፈሰችና ልትናገር አፏን ከፈተች። እንድትቆይ በእጄ ምልክት አሳየኋት። ሽማግሌው በከሰሷት ልጅ አፍ ከሚነገራቸው ይልቅ በራሳቸው ቢደርሱበት ይሻላል ብዬ ነው። እሳቸውም ቢሆኑ የሚደርሱበትን መንገድ ከማንም በላይ የሚያውቁ ሰው ነበሩ።

«ኦቦ ኤጄታ፣ ጌዶ ሳሉ የመድኃኒቱን ማለቂያ ቀን በየትኛው አቆጣጠር ነበር የሚያነቡት?»

«በፈረንጁ ነዋ። ይህስ ይጠየቃል?» አሉና ነገሩ ስላስታወሳቸው ብዕሩን መደርደሪያው ላይ አኖሩት። «በ1990 ዓ.ም. አንድ ገበሬ የዓይን ቅባት ይዞ መጣ። ከየት እንዳገኘው አላውቅም። ለልጁ ሊቀባው ነው። ቱቦው ላይ ማለቂያው 1995 ይላል። ‹ዶክተር፣ ገና አምስት ዓመት አለው› አለኝ። ማንበብ ይችላል እኮ፤ አስተካክሎ አነበበው። መድኃኒቱ ግን ከሞተ ሁለት ዓመት አልፎታል። ‹ወንድሜ፣ የዕቃ ቀን የሚቆጠረው በሠራው ሰው አቆጣጠር ነው፣ በአንተ አይደለም› አልኩት። ሌላ ሰጠሁት። ያን ዓመት ሁሉ ለመጣው ሰው ይህን ሳልናገር አላደርኩም፤ የስሕተቱ ምክንያት ስንፍና አልነበረም፣ ድንቁርናም አልነበረም። ሰውየው የራሱን ዓመት…»

አቆሙ። ስልኩን አዩ። እኔን አላዩኝም።

ከውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩምባ እየነፋ አለፈ። ኦቦ ኤጄታ መነጽራቸውን አውልቀው በመሐረቡ ጠረጉ፤ እንደገናም አደረጉ።

«ስልኩም የሚቆጥረው በሠራው ሰው ነው» አሉ ቀስ ብለው።

የቀረውን አስረዳኋቸው። ስልኩ ሰርተፍኬት ያለው የራሱን አይደለም። ኢሜይሉ የሚቀመጥበት ኮምፒውተር፣ የምትፈልገው እኔው ነኝ፣ ሌላ ሰው አይደለሁም ብሎ ለስልኩ የሚያሳየው ማስረጃ አለ። ያ ማስረጃ ባለፈው ዓመት የተሰጠ ነው፤ በፈረንጁ ሁለት ሺህ አሥራ ሁለት። ስልኩ ደግሞ ዓመቱ ሁለት ሺህ አምስት ነው ተብሏል። ስለዚህ ገና ባልደረሰ ዓመት የተጻፈ ወረቀት እንደቀረበለት ጠንቃቃ ጸሐፊ ሆኖ አልቀበልም አለ። የፈረንጁ ሰባተኛ ወር ሐምሌ ስለሆነም ቀኑን የእነሱ ሐምሌ አጋማሽ ላይ አደረገው፤ የዚያ ዓመት ያ ቀን ደግሞ ሐሙስ ላይ ይውላል። ስልኩ አልዋሸም፤ የነገሩትን ነው ያመነው።

ኦቦ ኤጄታ ስልኩን ወደ ኤቢሴ ዘረጉት። «አስተካክዪው።»

ኤቢሴ እጇን አላነሣችም። «እርስዎ ያስተካክሉት፣ ኦቦ። እኔ አልነካውም።»

ይህ አነጋገር ትሕትና ብቻ አልነበረም፤ ሽማግሌውም ተረድተውታል። አልተቆጡም። እያንዳንዱን ቁጥር በቀስታ ነካኩ። ሃያ ሦስት። ሦስተኛ ወር። ሁለት ሺህ አሥራ ሦስት። ስልኩ ቅዳሜ አለ። ኢሜይሉ ተከፈተ፤ ሕፃኗ ጥርስ የሌለው አፏን ከፍታ ወጣች። ከሦስታችን የሳቀ አልነበረም።

«እሺ» አሉ ኦቦ ኤጄታ፣ «ታዲያ የእኛ ቀን ስሕተት ነው ልትሉኝ ነው? ዕቃ በገዛን ቁጥር ዓመታችንን እያስረከብን እንኖራለን?»

ጥያቄውን ያነሡት ከሽንፈት ለማምለጥ አልመሰለኝም። ብዙ ሰው በልቡ የሚይዘው ጥያቄ ነው። የእኛ ቀን ስሕተት አለመሆኑን፣ ለደብዳቤው፣ ለእርሻው፣ ለበዓሉ፣ ለቢሮው ሥራ ሁሉ እንደምንኖርበት ነገርኳቸው። ስልክ ግን በሆዱ ከሩቅ አገር ዕቃዎች ጋር ሲነጋገር የሚውል ነገር ነው፤ ከእነሱ ጋር በአንድ ቀን ካልተስማማ መነጋገሩ ይቋረጣል። ኤቢሴም፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅዋ ለስለስ ብሎ፣ የሆዱን ቀን ሳይነኩ የእኛን ቀን ከላይ የሚያሳይ ትንሽ ፕሮግራም መኖሩን፣ ልትጭንላቸውም እንደምትችል ነገረቻቸው።

«ይህን ማክሰኞ ለምን አልነገርሽኝም?»

«አልጠየቁኝም።»

«ካልጠየቅሁሽ አትነግሪኝም? እኔ በሽተኛው እስኪጠይቀኝ ብጠብቅ ስንቱ በሞተ።»

ኤቢሴ መደርደሪያውን አየች። ከዚህ በፊት ለሁለት ትልልቅ ሰዎች ስለ ቀን ነግራ፣ አንቺ ቀን ልታስተምሪን ነው ወይ ብለው እንደተቆጧት፣ ከዚያ ወዲህ ባትሪው ሲወጣ የሚጠፋውን ቀን ሞልታ ዝም ማለት እንደለመደች ተናገረች። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። እሳቸውም ማክሰኞ ቢነገራቸው ሦስተኛው ተቆጪ ይሆኑ እንደነበር የገባቸው ይመስለኛል።

ከዚያ በኋላ የተቀየረው ዕቃ ስለሚጻፍበት ወረቀት እንደገና ተነጋገርን፤ አሁን ሦስታችንም በአንድ ወገን ሆነን። ይህን ስጽፍ ዓመት ሊሞላ ነው፤ ያ ንግግር ምን እንዳፈራ መናገር እችላለሁ። ኤቢሴ ዛሬ ለእያንዳንዱ ዕቃ በካርቦን ሁለት ቅጂ ትጽፋለች። የባለቤቱ ስም፣ ባትሪው ሥር የተጻፈው የስልኩ ቁጥር፣ ሲመጣ የነበረው ችግር፣ የተቀየረው ዕቃ። አሮጌውን ዕቃ በላስቲክ አድርጋ ትመልሳለች። መጋረጃው አሁንም አለ፤ ግን ግማሹ ተቆርጦ እጇ ከውጭ ይታያል፣ ሰው ደግሞ ከመደርደሪያው አያልፍም። ስታስረክብ የስልኩ ቀን ለምን በፈረንጅ እንደሆነ ሳትጠየቅ ታስረዳለች። የሚቆጣ አለ፤ ግን የሚቆጣው አንድ ጊዜ ነው። የተቀየረው ዕቃ በወር ውስጥ ቢበላሽ ማን እንደቀየረው አያከራክርም። ቁጥሩ ተጽፎ ስለሚቀመጥ፣ ከባኮ መጥቶ ሆዱ ተቀየረብኝ ያለ አንድ ሹፌር ወረቀቱንና ስልኩን አስተያይቶ በሁለት ደቂቃ ይቅርታ ጠይቆ ሄዷል። ጨዋ ሰው ጨዋነቱን የሚያሳይበት ወረቀት ሲኖረው ለመማል አይገደድም። የሚጠራጠርም ሰው ጥርጣሬውን የሚያኖርበት ቦታ ያገኛል፤ ጎረቤቱ ላይ አይጥለውም።

ያን ዕለት ግን ከዚህ ሁሉ የሚቀድም ነገር ነበር፤ እኔ እንኳ ልረሳው ደርሼ ነበር።

ኦቦ ኤጄታ መሐረባቸውን አጥፈው ኪሳቸው ከተቱ። «እንግዲህ ክፍሉን አትለቂም። ነገሩ እዚሁ ይቅር። ሰው በራሱ ጊዜ ይረሳዋል።»

ኤቢሴ ከዚያ በጣም በዝግታ ተናገረች። «ክፍል ሌላም ይገኛል፣ ኦቦ። ስልክዎ ዛሬ ዳነ። ስሜን ግን ማን ይጠግነዋል?»

ሽማግሌው ሊመልሱ ሲሉ ከመንገዱ ማዶ ዳቦ የሚሸጡት ወይዘሮ ደብሪቱ ገቡ። ማን እንደቆመ ልብ ሳይሉ ቀጥ ብለው ወደ መደርደሪያው ሄዱ።

«ኤቢሴ እናቴ፣ ሬዲዮዬን ስጪኝ። ሳይሠራም ይሁን፤ እንዳለ እወስደዋለሁ።»

ኤቢሴ ምክንያቱን አልጠየቀችም። ከመጋረጃው ኋላ ሬዲዮውን አምጥታ፣ ፈትታው የነበረውን ክዳን ገጥማ፣ ብሎኖቹን አንድ በአንድ ማሰር ጀመረች። ያኔ ወይዘሮ ደብሪቱ ኦቦ ኤጄታን አዩና ደነገጡ። «እኔ ክፉ አስቤ አይደለም» አሉ። «እኔ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ሰው አይደለሁም፣ ወሬው ግን ከረቡዕ ጀምሮ እኛ ደጅ ደርሷል፤ ሬዲዮው የሟች ባሌ ስለሆነ ሆዱን እንዳላጣው ፈርቼ ነው» አሉ።

ኦቦ ኤጄታ የኤቢሴን እጅ ያዩ ነበር። ካቻቪቴው አልተንቀጠቀጠም። ሦስተኛውን ብሎን አስራ ወደ አራተኛው ስትሄድ ሽማግሌው እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮው ላይ አኖሩ።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሬዲዮውን ይተዉላት፤ ትሥራልዎት። ረቡዕ እኔ የተናገርኩት በኦሮምኛ ነበር፤ ለእርስዎ በአማርኛ ደርሷል። ነገ ከአምልኮ በኋላ እዚያው በር ላይ ቆሜ፣ በሁለቱም ቋንቋ፣ ኤቢሴ ዕቃዬን አልቀየረችም፣ ቀኑን ያበላሸሁት እኔ ኤጄታ ነኝ እላለሁ።»